ሲመሽ የሚርገበገበው ፍሎረሰንት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር ፒያሳ ልብስ እሰፋለሁ። ከማሽኔ በላይ ያለው ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ጠዋት ወዲያው ይበራል። ሲመሽ ግን ብልጭ ድርግም እያለ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። ቱቦውንም፣ ቱቦውን የሚያስነሳውን ትንሽ ስታርተርም ቀይሬ ነበር፤ ትንሽ ደህና ከርሞ ይመለስበታል። አሁን ደግሞ ባላስቱ፣ ወደ ቱቦው የሚያልፈውን ኮረንቲ የሚመጥነው ዕቃ፣ ተቃጠለ። ሙሉውን ልጣለው?
ልብስ ሰፊዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ቆይ አይጣሉት። «ጠዋት ይበራል፣ ሲመሽ ይርገበገባል» ብለው የመልሱን ግማሽ ራስዎ ነግረውኛል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ኮረንቲው ይወርዳል። 220 ቮልት የለመደው ባላስት ሲያንሰው ቱቦውን ማስነሳት ያቅተዋል። ስታርተሩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በሞከረ ቁጥር የቱቦው ጫፍ ይጎዳል፣ ይጠቁራል። ጫፉ የጠቆረ ቱቦ ደግሞ በተራው አዲሱን ስታርተር ይገድላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ይቀይሩ።

ከዚያ በፊት ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስለኩ። የጎረቤትም ከደከመ ችግሩ ከመስመሩ ነው። የእርስዎ ብቻ ከሆነ የላላ ማያያዣ ይፈልግ። እነዚያ የፒያሳ የጣሊያን ጊዜ ቤቶች ግድግዳቸው ድንቅ ነው፤ ሽቦአቸውን ግን በየዘመኑ የመጣው ሁሉ እየቀጠለ ሄዷል። እኔ አላምናቸውም።

የባላስቱን መቃጠል በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት ከቱቦው ጋር ያስተያዩ። ልክ ከሆነ ስታርተሩን እጠረጥራለሁ። የቱቦው ሁለት ጫፍ ቀልቶ መሃሉ ጨለማ ሆኖ ያውቃል? ያኔ ስታርተሩ ተጣብቋል ማለት ነው። ቱቦው በርቶ ሲሠራ ከሚያልፈው የበለጠ ኮረንቲ በባላስቱ ውስጥ ሳያቋርጥ ያልፋል፤ እንደ ተረሳ ወጥ እያረረ ይሄዳል። ስታርተሩን አዙረው ሲያወጡት ቱቦው ከበራ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። እንዲህ ቀልቶ እያዩት ሱቅ ዘግተው እንዳይሄዱ!

የእኔ ምክር ኤሌክትሮኒክ ባላስት ነው። ስታርተር አይፈልግም፤ ሽቦው ግን እንደገና መታሰር አለበት፣ ብሬከር ወርዶ። ሲገዙ ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚችል ላዩ ላይ ያንብቡ፤ ዝቅ ብሎ የሚጀምረውን ይምረጡ። አሮጌውን ቱቦ አይስበሩት፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለው፤ ለልጆችም መጫወቻ አይስጡ።

ኤሌክትሮኒኩ ባላስት ለእርስዎ ሙያ ሌላም ጥቅም አለው። በአሮጌው ባላስት መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። ዓይን አያየውም፤ ነገር ግን በፍጥነት የሚዞር የማሽን ጎማ የቆመ ሊመስል ይችላል። ጣትዎን ከማስገባትዎ በፊት ፔዳሉን ይልቀቁ።