ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ እግዚአብሔር ፊት ምን ዋጋ አለኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ለ11 ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ ዓምና የተመለስኩ ሴት ነኝ። ስሄድ ደላላው «በክርስቲያን ስም አያስገቡሽም» ስላለኝ ስሜን አስቀይሬ፣ ማዕተቤን ፈትቼ ለእናቴ ሰጥቼ ነበር የሄድኩት። የላክሁት ገንዘብ ታናናሾቼን አስተምሯል፤ ቤትም ተሠርቶበታል፤ ቤቱ ግን በወንድሜ ስም ነው። እኔ አንድ ሻንጣ ይዤ ገባሁ። አብረውኝ ከሄዱት አንዷ ሱቅ ከፍታለች፣ አንዷ መኪና ገዝታለች። የሰፈሩ ሰው ሲያየኝ «ምን ይዛ መጣች?» ይላል። የማርያም ማኅበራችን ተራ ቢደርሰኝ መደገስ ስለማልችል ቀርቻለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ከቅጥሩ ውጭ ተሳልሜ እመለሳለሁ። በቅርቡ በስልኬ አንድ ሰባኪ «እግዚአብሔር የሚወደውን ያበለጽጋል» ሲል ሰምቼ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። እኔን አይወደኝም ማለት ነው? እርሱ ፊት ምን ዋጋ አለኝ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ እንኳን በሰላም ለአገርሽ አበቃሽ። «ምን ይዛ መጣች?» ከሚለው ሰው ሁሉ ይህን ቃል መስማት ይገባሽ ነበር። ብዙዎች በዚያ መንገድ ቀርተዋል፤ አንቺ በሕይወት ተመልሰሻል።

ሌሊቱን ካስለቀሰሽ ስብከት ልጀምር። ባለጠግነት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አብርሃም ባለጠጋ ነበር፣ ኢዮብም ባለጠጋ ነበር። ነገር ግን ሀብትን የእግዚአብሔር ፍቅር መለኪያ ማድረግ ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡ ወዳጆቹ የተሳሳቱት ስሕተት ነው። መጽሐፉን ገልጠሽ አንብቢው። በምዕራፍ 1 ኢዮብ ሰባት ሺህ በጎችና ሦስት ሺህ ግመሎች ሳሉት እግዚአብሔር «ባሪያዬ ኢዮብ» ይለዋል። በምዕራፍ 2 ከብቱ ተዘርፏል፣ ልጆቹም ሞተዋል፤ እግዚአብሔር አሁንም «ባሪያዬ ኢዮብ» ነው የሚለው። በምዕራፍ 42 ደግሞ ኢዮብ በቍስል ተመትቶ፣ በአመድ ላይ ተቀምጦ፣ የጠፋው ገና ሳይመለስለት እግዚአብሔር ወዳጆቹን ሲገሥጻቸው ደጋግሞ «ባሪያዬ ኢዮብ» ይላል። ሀብቱ የተመለሰለት ከዚያ በኋላ ነው። ግመሎቹ ሄዱ፣ መጡ፤ አጠራሩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተለወጠም። ያ ሰባኪ ያየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ከሆነ፣ ኢዮብ በአመድ ላይ ሳለ የተወደደ እንደነበረ አላየም ማለት ነው።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የሚነግርሽ ሰው አይጠፋም፤ ትሏ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ዛፉን እንደወጣች፣ እርሱም አይቷት ወደ ትምህርቱ እንደተመለሰ። ለደከመ ተማሪ የሚነገር ታላቅ ታሪክ ነው። የአንቺ ጥያቄ ግን «ተስፋ ልቁረጥ ወይስ እንደገና ልሞክር?» የሚል አይደለም። «ዛፉን ባልወጣስ?» ነው። ስለዚህ ከዛፉ በፊት ወደ ነበረው ነገር ልመልስሽ።

በ80 ቀንሽ እናትሽ አቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችሽ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት አዳምና ሔዋን ወደ ገነት የገቡበትን ቀን በመከተል እንደሆነ ከመጽሐፈ ኩፋሌ ተምረናል። ክርስትና ማለት ወደ ገነት መመለስ ነውና። ያን ዕለት ምን ነበረሽ? አንገትሽ እንኳ በቅጡ አልጸናም። አልሠራሽም፣ ገንዘብ አልላክሽም፣ ማንንም አላስተማርሽም። «እክሕደከ ሰይጣን» ብሎ ለመካድ አንደበት አልነበረሽምና ክርስትና እናትሽ ወደ ምዕራብ ዞራ ካደችልሽ፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሳ አመነችልሽ። ካህኑም በውኃው አጠመቀሽ፣ በቅብዐ ሜሮን አተመሽ፣ ስም ሰጠሽ። ልጅነት ያገኘሽው ምንም ባልነበረሽ ቀን ነው። ምንም ባልነበረሽ ቀን የተሰጠሽ ነገር ዛሬ ምንም ስለሌለሽ እንዴት ይወሰድብሻል?

ጌታችን በዮርዳኖስ ሲጠመቅም አብ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ብሎ መሰከረ። ይህ ቃል የተሰማው በቃና ውኃው ወይን ሳይሆን፣ አንድም ዕውር ሳይበራ፣ አልዓዛር ከመቃብር ሳይነሣ ነው። እርሱ የባሕርይ ልጅ ነው፤ እኛ የጸጋ ልጆች ነን፤ ይህ ልዩነት መቼም አይጠፋም። ሆኖም እኛን በጥምቀት የእርሱ ወንድሞችና እኅቶች ሲያደርገን እንደ ደመወዝ በሥራ ብዛት መዝኖ አልሰጠንም። ቅዱስ ጴጥሮስ «በሚያልፍ ነገር በብር ወይም በወርቅ ሳይሆን» በክቡር የክርስቶስ ደም እንደተዋጀን ጽፏል። «ምን ዋጋ አለኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዋጋሽ ተከፍሏል፤ የተከፈለውም በዕለተ ዓርብ በቀራንዮ ነው። የሰፈር ሰው ሻንጣሽን አይቶ ሊቀንሰው አይችልም።

ከጥያቄሽ ሁሉ ልቤን የነካው የስምሽ ነገር ነው። 11 ዓመት በማታውቂው ስም ስትጠሪ ኖረሻል። ለዚያ ቤት ስምሽ «ነይ፣ ሂጂ፣ ጥረጊ» ነበር፤ ስትመለሺ ደግሞ «ምን ይዛ መጣች» ሆነ። ሁለቱም ሰውን በእጁ ባለው ነገር ብቻ ይጠራሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን አስቢ። ባለጠጋው ቀይ ልብስና ቀጭን በፍታ ይለብሳል፣ ዕለት ዕለት ይመገባል፤ ጌታ ግን ስሙን አልጠራውም። ነዌ የምንለው በትውፊት ነው። በደጁ የወደቀው፣ ውሾች ቍስሉን የሚልሱለት ድኻ ግን «አልዓዛር የሚባል» ተብሎ በስሙ ተጽፏል። ሰፈሩ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ባለጠጋ በወንጌሉ ስም አጣ፤ ማንም የማይጠራው በጌታ አፍ ተጠራ። ደቀ መዛሙርትም አጋንንት ተገዙልን ብለው ደስ ሲላቸው ጌታ «ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ» አላቸው። መንፈሳዊ ክንውን እንኳ የደስታችን መሠረት እንዲሆን አልፈቀደም፤ ሱቅና መኪናማ እንዴት ይሆናል?

የክርስትና ስምሽን ዓለም አያውቀውም፤ በፓስፖርት የለም፣ በባንክ ደብተር የለም። ንስሐ ስትገቢ ካህኑ ይጠይቅሻል፣ ለጸሎት ስትጽፊ እርሱን ትጽፊያለሽ፤ ከዚህ ዓለም ስትለዪም በፍትሐትሽ የሚጠራው እርሱ ነው። ደላላው የቀየረው የወረቀቱን ስም ነው፤ ይህኛውን ግን ሊነካው አልቻለም።

ስለ ማኅበሩ። እዚህ ላይ የምገሥጸው አንቺን ሳይሆን እኛን ነው። የጽዋ ማኅበር የቆመው «ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ የሚያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም» በሚለው በጌታ ቃል ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ነው ያለው! እኛ ግን አንዷ ሁለት ዓይነት ወጥ ስትሠራ ሌላዋ አራት፣ አንዷ በግ ስታርድ ሌላዋ በሬ እያልን ድኻ የማይገባበት የፉክክር ግብዣ አደረግነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች «አንዳች የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?» ብሎ የገሠጻቸው ስለዚህ ዓይነት ማዕድ ነው። ወደ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ወደ መሪው፣ ሂጂና «ተራዬን በዳቦና በጠላ አወጣለሁ» በያቸው፤ ጠላውም ከከበደሽ በዳቦ ብቻ። በዚህ የምታፍር እህት ካለች ችግሩ የእርሷ ነው፤ አንቺ ግን የጽዋውን ሥርዓት ወደ መነሻው ትመልሺዋለሽ። ከአንቺ ቀጥሎ ተራዋን በጭንቀት የምትጠብቅ ሌላ ድኻ እህትም ታርፋለች።

ስለ ቤቱ ባጭሩ ልንገርሽ። ዋጋሽ በገንዘብ አይለካም ማለት ድካምሽን ማንም ይውሰደው ማለት አይደለም። በማቴዎስ 18 እንደተጻፈው መጀመሪያ ወንድምሽን ለብቻው አነጋግሪው፤ ካልሰማሽ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። ድርሻን መጠየቅ ስስት አይደለም። ታናናሾችሽን ያስተማርሽበትን ደግሞ «ባዶ ሆነብኝ» አትበዪ፤ እግዚአብሔር «ያደረጋችሁትን ሥራ ይረሳ ዘንድ ዓመፀኛ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ልጅነትሽን የገዛሽበት ሥራ ባይሆንም የተቆጠረ ሥራ ነው። መሥራትሽንም ቀጥዪ፣ እንጀራ ያስፈልግሻልና፤ ሥራሽን ግን ስለ ማንነትሽ አትጠይቂው።

የቀረው ከባዱ ነው። ማዕተብሽን መፍታትሽ፣ በሌላ ስም መጠራትሽ፣ ምናልባትም በዚያ ቤት ሳትወጂ ያደረግሽው ነገር ያሳፍርሽ ይሆናል። ከቅጥሩ ውጭ የምትቆሚው በድህነትሽ ብቻ አይመስለኝም። ይህን እኔ ከሩቅ ሆኜ ልፈታው አልችልም፤ ሥልጣኑ የካህን ነው። ንስሐ አባት ከሌለሽ በአጥቢያሽ ካሉት አንዱን አባት ያዢ፣ ሁሉንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽመሽ ወደ ቅዱስ ቍርባን ቅረቢ። ሦስት ጊዜ የካደውን ጴጥሮስን ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር «የዮና ልጅ ስምዖን ሆይ፣ ትወደኛለህን?» ብሎ በስሙና በአባቱ ስም እየጠራ ነው የመለሰው። ስለ ክሕደቱ አንድ ቃል አላነሣበትም።

እስከዚያው በመጪው እሑድ ነጠላሽን ተከናንበሽ በሴቶች በር ግቢ። በዚያ የምታገኚው ሁሉ ነጭ ለብሶ ነው የሚቆመው፤ የማን ነጠላ በስንት እንደተገዛ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቅዳሴው እያመለጠው ነው። ማዕተብሽን ከእናትሽ ተቀበዪ፤ ጠፍቶ ከሆነ አዲስ ክር ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ባርከው ይሰሩልሽ። የክርስትና ስምሽን ከዘመኑ ብዛት የተነሣ ከተጠራጠርሽም ክርስትና እናትሽን ጠይቂያት፤ ንስሐ አባትሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እርሱን ነውና።