ይሄ ነገር ከበሮ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ፎቶ ላከልኝ። ከበረንዳ ሥር የተነሳ ነው። ቀጭን ስንጥቅ፣ አጠገቡ ቡናማ እድፍ። "ጋሼ፣ ስቱኮ ሞልቼ ቀለም ባስቀባው ይበቃል?" ይላል። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ እኔው ለራሴ ጠይቄ፣ እኔው "ይበቃል" ብያለሁና።

ያኔ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እድሳት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ሥር ስንጥቅ ወጣ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። እሱ ብቻ ሊያነቃኝ በተገባ። ልስን ሲደርቅ የሚሰነጠቀው እንደ ሸረሪት ድር ወዲያና ወዲህ ነው። ፌሮው በተዘረጋበት መስመር ቀጥ ብሎ ከሄደና ቡናማ ካለቀሰ ግን ውስጥ ያለው ብረት እየዛገ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይይዛል። ቦታ ሲያጣ ኮንክሪቱን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል።

ቀለም ቀቢው ግን ነቅቷል። መሰላል ላይ እንዳለ በስፓቱላው እጀታ መታ መታ አደረገና "ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ከበሮ ነው" አለኝ። ደህና ኮንክሪት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተላቀቀው ዱም ዱም ይላል። እኔም ሰምቻለሁ። ግን ሥራውን ለማስረከብ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ቀለም ቀቢ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ነደደኝ። "አንተ ሥራህን ሥራ" አልኩት። ቀባው። አማረ።

ሁለት የዝናብ ወቅት አለፈ። አንድ ጠዋት ትሪ የሚያህል ቁራጭ ወርዶ ጥበቃው የሚቀመጥባትን ወንበር አደቀቃት። ሰውየው በር ሊከፍት ተነስቶ ነበር። ወንበሯን አይቻታለሁ። መደገፊያዋ ብቻ ነው የተረፈው። ቀለም ቀቢውን ፈልጌ አጣሁት፤ ይቅርታ ሳልለው ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ማየት የጀመርኩት። ከፌሮው በታች ያለው የኮንክሪት ሽፋን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከላይ ደግሞ የበረንዳው ውሃ መውረጃ በልስን ፍርስራሽ ተደፍኗል። በጣት የሚወጣ ቆሻሻ! በዘነበ ቁጥር ውሃው እዚያው ይተኛል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ሸክሙን የሚይዘው በላይኛው ፌሮ ነው። ውሃው የተኛው በዚያ በኩል ነው፤ ከሥር ቆሞ የሚያይ ሰው ደግሞ እሱን አያየውም። ስናስከፍተው ደህና ሆኖ ተገኘ። ዕድል እንጂ የእኔ ብልሃት አይደለም።

የዛሬ ልጆች ድሮን ታበራላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ግድግዳ ግን በእጃችሁ አትነኩም። አንድ ፎርማን ነበረን፤ ጠዋት ጠዋት በእጁ ጀርባ ግድግዳ እየዳበሰ ይዞራል። እንሳቅበት ነበር። እርጥበት ያለበት ግድግዳ ከሌላው ይቀዘቅዛል፤ ሰውየው የቧንቧ ፍሳሽ የሚያገኘው በዚያ ነው።

መዶሻና ጆሮ ይበቃል ስል ኖሬአለሁ። አይበቃም። ጆሮ የሚሰማው ከተላቀቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለማወቅ ኮንክሪቱን ትንሽ ፈልፍላችሁ፣ አዲሱ ስብራት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም የሚለውጥ ኬሚካል ርጩበት። ደህናው ክፍል ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ከአየር የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለወጠው ክፍል ግን ቀለሙ አይለወጥም። ቀለም አልባው ፌሮው ጋ ከደረሰ ብረቱ መከላከያውን አጥቷል፤ እርጥበት ካገኘ ይዝጋል። ስንጥቁ ይስፋ አይስፋ ለማወቅም ቀጭን መስታወት በጄሶ አጣብቁበት፤ ቀንም ጻፉበት። መስታወቱ ከተሰበረ ስንጥቁ እየተንቀሳቀሰ ነው። ቀን የሌለው ምልክት ግን ከንቱ ነው።

አውቆ መጻፍም ብቻውን አያድንም። ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ ላይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 የመኖሪያ ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ መሐንዲስ የመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ወለል ተዳፋት ስለሌለው ውሃ እንደሚያቁር፣ የውሃ መከላከያውም እንዳለቀለት ጽፎ ነበር። ይህን ሳነብ የታየኝ ያ ቀለም ቀቢ ነው።

ለልጁ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "መጀመሪያ ሥሩ ሰው እንዳይቆም አድርግ። ከዚያ በመዶሻ መታ መታ አድርገው። ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ላይ ውጣና ውሃው የት እንደሚተኛ እይ።"

ትናንት ማታ ሌላ ፎቶ ላከልኝ። መውረጃው ላይ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል።