አካባቢን ከጎንደር መዘገብ፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ስለ ውኃ፣ ስለ አፈርና ስለ ሰው ኑሮ መለወጥ ስዘግብ ቆይቻለሁ። «የፈለጋችሁትን ጠይቁ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የጎንደርንና የዙሪያዋን ነገር አስቀድማለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ገበሬውን ሳታናግሩ አትጻፉ። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ አታጋሩ። እነዚህን ዛሬ ደጋግሜ እላቸዋለሁ።

ሰላም ከማራኪ፦ ጋሼ፣ እምቦጭ ስንት ጊዜ ተዘገበ! ዘመቻው፣ ማሽኑ፣ መዋጮው። አሁን ምን የሚጻፍ ቀረ?

መልስ፦ ያልተጻፈው ይበልጣል። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራነው ዘገባ አብዛኛው የዘመቻ ቀን ዘገባ ነው። ሕዝቡ እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ ሲነቅል ይታያል፣ ኃላፊው ንግግር ያደርጋል፣ በቃ። በማግስቱ ማንም የለም።

እስቲ አንዷን ተክል አንሥታችሁ እዩዋት። የቅጠሏ እጀታ ያበጠ ነው፤ ስትጫኑት ልምም ይላል። ውስጡ አየር ነው፣ የምትንሳፈፈውም በሱ ነው። ሥሯ ጥቁርና ፀጉራም ነው። ከጎኗ ቀጭን ሐረግ ታወጣለች፤ ጫፉ ላይ ሌላ ተክል ይበቅላል። ሲመቻት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ትሆናለች። ዘሯ ደግሞ ደለል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዳርቻ ጸዳ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም። የተነቀለው እዚያው ዳር ተከምሮ ከቀረም፣ በክረምት ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። እኔ ዘመቻ ላይ ስገኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የተነቀለው የት ነው የሚሄደው?

ከዚያ ወደ ላይ ውጡ። አረሙን የሚቀልበው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ቀሃና አንገረብ የሚባሉት ወንዞች የከተማችንን እጣቢ ይዘው መገጭ ወንዝ ይገባሉ። መገጭ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። እምቦጭን የባሕር ዳር ሰው ጣጣ አድርገን የምንጽፍ የጎንደር ጋዜጠኞች የራሳችንን ድርሻ እየደበቅን ነው።

የደምቢያ ልጅ፦ እውነት ነው ጋሼ። ባሕሩ ሲሸሽ የምናርሰው መሬት ላይ አረሙ ተኝቶ ይቀራል። ሽንብራ ከመዝራታችን በፊት እሱን ስናነሳ እንከርማለን። አጥማጁም መረቡ ይበጠስበታል። መጥቶ የጠየቀን የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ በሦስት መስመር ያልከው ከብዙ ዜና ይበልጣል። የባሕር ሽሽ እርሻ ጊዜ አይሰጥም፤ እርጥበቱ ሳያልቅ ካልተዘራ ዓመቱ ባከነ። አንድ ጎበዝ ወጣት እዚያ ሄዶ አንድ ቤተሰብ ለነቀላ ስንት የሥራ ቀን እንዳወጣ ይቁጠር። ማን እንደነቀለ፣ ልጆቹ ትምህርት ቀርተው እንደሆነ ይጠይቅ። እናቶችን ለብቻ ያናግር፤ ባል ፊት የማይነገር ብዙ አለ።

ተማሪ፦ እኔ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። የአካባቢ ጋዜጠኛ ለመሆን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሰፈርህ። የምትጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ፣ ቆሻሻህ የት እንደሚደፋ እወቅ። ቀጥሎ።

የፒያሳ ልጅ፦ ለቪዲዮ የትኛው ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ ያለህ። ድምፁ ከምስሉ ይበልጣልና ለማይክ ገንዘብ ቆጥብ።

ሎዛ፦ ቢሮ ሄጄ መረጃ ስጠይቅ «ነገ ነይ» እባላለሁ። ነገም ያው ነው።

መልስ፦ በቃል አትጠይቂ። በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መልሱ እስከ 30 ቀን ድረስ መድረስ አለበት፤ ከከለከሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡሽ። ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ አቤት ማለት ይቻላል።

ሁለት ሌሎች አዋጆችም ቦርሳሽ ውስጥ ይኑሩ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የትልልቅ ሥራዎች ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይላል። ስለዚህ ለዓመታት ሲጓተት የኖረውን የመገጭ ግድብ ስትዘግቢ ጥናቱን ጠይቂ። ከመሬቱ የሚነሳው ገበሬ ምን ቃል እንደተገባለትም ከጥናቱ ጋር አስተያዪ። የብክለት ቁጥጥሩ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ በግል ባይጎዳም እንኳ፣ በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን የማያውቅ የወንዝ ዳር ነዋሪ ብዙ ነው። መንገር የኛ ሥራ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ የአካባቢ ጋዜጠኝነት ለመጀመር ምን ትመክራለህ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ የተጻፈውን አንብባችሁ ጠይቁ።

የአዘዞው፦ ችግኝ ተከላውስ? በየዓመቱ እንተክላለን፣ ተራራው ግን ራቁቱን ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ፤ ዓለም ሁሉ አወራው። ስንቱ ጸደቀ የሚለውን ለመከታተል ግን ጋዜጠኛው አልተመለሰም። የኔ ሙግት ይኸው ነው፦ ተመለሱ። የተከላ ቀን ዜና ማንም ይሠራዋል፣ ችግኙ በጋውን መትረፉ የሚታይበት የጥርና የግንቦት ዜና ግን ባለቤት የለውም።

የአንገረብን ግድብ እንውሰድ። ይህች ከተማ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከዚያ ግድብ ነው። ከበላዩ ያለው መሬት ተዳፋትና የታረሰ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፣ ግድቡም በደለል ይሞላል። ውኃ የሚይዝበት ቦታ በጠበበ ቁጥር በጋ ላይ ፈረቃው ይረዝማል። ወረፋ ላይ ጀሪካን ደርድራ የምታድር እናት ከላይ ካለው ማሳ ጋር የተሳሰረች ናት። አንድ ዘገባ ሁለቱን ካላገናኘ ጎደሎ ነው። እዚያ ያለውን እርከንና ክትር እዩ፣ ከብት ገብቶ እንደሆነ እዩ። ገበሬው ማሳውን ለእርከን ሲለቅ ምን አጣ፣ ማንስ ካሰው? ከተማው ውኃውን ይጠጣል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ለኔ ትልቁ ዜና ይህ ነው።

ችግኙንም ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ላስቲኩ ሳይወጣ ከነላስቲኩ የተተከለ አይቻለሁ። ሥሩ ተጠቅልሎ እዚያው ይታፈናል። ላዩ አረንጓዴ ስለሆነ በተከላው ቀን ፎቶ ላይ ያምራል።

ቀበሌ ነዋሪ፦ ሁሉንም ያደረቀው ባሕር ዛፍ ነው። ይነቀል!

የደምቢያ ልጅ፦ ይነቀል ማለት ቀላል ነው። ልጄን ያስተማርኩት አጠና ሸጬ ነው። ባሕር ዛፍ ባንካችን ነው።

ቀበሌ ነዋሪ፦ ምንጩ ሲደርቅ ባንኩን ትጠጣዋለህ?

ሰላም ከማራኪ፦ አዊ ዞን ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክለው፣ ከሰል አክስለው ኑሯቸው ተለወጠ ይባላል። ለምን እኛም አንሞክረውም?

የአዘዞው፦ ከሰል ደግሞ መፍትሔ ሆነ?

መልስ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ ላቋርጣችሁ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን እውነት ይዛችኋል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባው የማገዶና የቤት እንጨት ጠፍቶ ነበር። ዛሬም አጠና፣ ቋሚና ማገር ከሱ ነው። ምንጭ አፍ ላይና ጥሩ ማሳ ጥግ ሲተከል ግን ይጎዳል። የት ተተከለ ብላችሁ ጻፉ። ዛፍን ጀግና ወይም ወንጀለኛ አድርጎ መጻፍ ለአንባቢ አይጠቅምም። አገር በቀሉን ማየት የሚፈልግ የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅጥር ይይ። ወይራው፣ ጥዱና ዋንዛው እዚያ ተርፏል፤ ማን እንደጠበቀው ካህናቱንና የአጥቢያውን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ዳባት፦ ስለ ሰሜን ተራሮችስ?

መልስ፦ ጥያቄው ሰፊ ነው፣ የቱን? ባጭሩ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ዋልያ ከዚያ ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጓሳውና አስታው ሲቃጠል ዜናው በየቦታው ነበር። ፓርኩ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት ሰዎች ግን ዛሬ በምን ይተዳደራሉ? እርሻና ከብት የለመደ ሰው ከተማ ገብቶ ምን ሆነ? ማኅበራዊ ለውጥ የምንለው እሱ ነው። ዳባት ከሆንክ ለነሱ ከኔ ትቀርባለህ።

የፒያሳ ልጅ፦ ፌስታል በሕግ ከተከለከለ በኋላም ለምን አይጠፋም?

መልስ፦ ይህን ለሕግ ሰው ጠይቁት። እኔ የማየው ቀሃ ዳር ሄዶ የተንጠለጠለውን ነው።

ሎዛ፦ አዘጋጁ አበልና መኪና ከሰጠኝስ? ደመወዜ ትንሽ ናት።

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩን አውቀዋለሁ። መኪናው ብቸኛ መንገድ ከሆነ ሂጂ፣ ግን በዘገባው ላይ ግለጪው። አበሉን ተይው። አበል የከፈለሽ ሰው የሚያሳይሽን መንደር መርጦልሻል። እዚያ ስትደርሺ ከተዘጋጀልሽ ቤት አልፈሽ ሦስተኛውን ቤት አንኳኪ። ስሙ እንዲወጣ ያልፈለገን ሰው ስም፣ ቀበሌና ፊት አታውጪ። አንቺ ወደ ከተማ ትመለሻለሽ፣ እሱ እዚያው ነው የሚኖረው። ይህን በተለይ በዚህ ጊዜ አደራ እላለሁ።

ሌላ ተማሪ፦ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው! ከላይ አለ።

የአዘዞው፦ እሺ፣ የጸደቀውን ችግኝ እኛ ተራ ሰዎች እንዴት እንቁጠር? መሣሪያ የለንም።

መልስ፦ ገመድ ይበቃል። 10 ሜትር በ10 ሜትር ለኩና አራቱን ጥግ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ከመንገድ አጠገብ ብቻ አትምረጡ፤ መንገድ ዳር ያለው ለእንግዳ ሲባል ውኃ ይጠጣል። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩ። ጉድጓዱን ሁሉ ቁጠሩ፣ ከዚያ በሕይወት ያለውን። የደረቀ የመሰለውን ቅርፊት በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ቀኑን ጽፋችሁ ከዚያው ድንጋይ ፎቶ አንሡ። በጥርና በግንቦት ተመልሳችሁ ከዚያው ቁሙ። ከብቱን የሚጠብቀውን ልጅም ጠይቁት፤ ማን መቼ ከብት እንዳስገባ ከማንም በላይ ያውቃል። ቁጥሩን ይዛችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቡ፣ የነሱንም ጠይቁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አትሙ። የአንገረብን ተፋሰስ የሚቆጥር ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብሬ እሄዳለሁ።