ከደሴ ወደ ማልታ ለሚሄድ ወጣት በወር 500 ዩሮ ይበቃል ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የደሴ ወጣት እዚህ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ዕድሜው 23 መሆኑን፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ማደጉን፣ ማልታ በምትባለው የሜዲትራኒያን ባሕር ደሴት አገር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት ተቀባይነት ማግኘቱን ከገለጸ በኋላ፣ አጎቱ ለመነሻ 2,000 ዩሮ እንደሚሰጠው፣ ከዚያ ወዲያ ግን የትርፍ ሰዓት ሥራ ይዞ በወር 500 ዩሮ ቢያገኝ በደሴቲቱ ላይ መኖር ይችል እንደሆነ ጠይቋል። እስካሁን የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ "አብሽር" ወይም "እግዜር ይቅደምልህ" የሚሉ ናቸው። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ልጁ የጠየቀው ግን ስለ ሒሳብ ስለሆነ በሒሳብ ልመልስለት።

እኔ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ መጀመሪያ የቋንቋ፣ በኋላም የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ሆኜ ምሲዳ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ኖሬያለሁ። አሁን ደሴ ተመልሼ ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንድ የጅምላ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። ወንድሜ፣ አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ መኝታ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር ተጋርተህ ከኖርክና ምግብህን ራስህ ካበሰልክ 500 ዩሮ በጭንቅ ያኖርሃል። 2,000 ዩሮው ግን ሥራ እስክትይዝ ላያደርስህ ይችላል፤ እኔን አላደረሰኝም።

ገንዘብህን የሚበላው ቤት ነው። እኔ ለሁለት በምንተኛበት ክፍል ውስጥ ለአንድ አልጋ በወር 280 ዩሮ እከፍል ነበር፤ ያም ቢሆን በትውውቅ የተገኘ፣ ደላላ ያልገባበት ነው። ብቻዬን የምተኛበት ክፍል ስጠይቅ ከ450 ዩሮ በታች የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስሊማና ሴንት ጁሊያንስ የሚባሉት ቱሪስት የሚበዛባቸው ሰፈሮች ከዚህም ስለሚወደዱ፣ ትምህርት ቤትህ እዚያ ቢሆን እንኳ ሀምሩን የሚባለውን ሰፈር ወይም የደሴቲቱን ደቡባዊ ክፍል ብታይ ይሻልሃል። ከመጀመሪያው ወር ኪራይ በተጨማሪ የአንድ ወር መያዣ ትከፍላለህ፤ ቤቱን በደላላ ካገኘኸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የግማሽ ወር ኪራይ ያህል ለእርሱ ይሄዳል። ስለዚህ 280 ዩሮ የተባለው አልጋ፣ ደላላ ባይገባበት እንኳ፣ በገባህበት ቀን 560 ዩሮ ሆኖ ይጠብቅሃል ማለት ነው። ቤት እስክታገኝ ድረስ በየሌሊቱ እየከፈልክ የምታድርበት ማረፊያም አለ፤ እኔ ዘጠኝ ሌሊት አድሬ 230 ዩሮ ከፈልኩ። በደረስኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከድስቱና ከአንሶላው ጋር፣ ወደ 900 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ከእጄ ወጥቶ ነበር።

ስለ ውሉ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የማልታ ሕግ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በቤቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ክፍል ወይም አልጋ ለሚከራይ ሰው ደግሞ ለስድስት ወር የሚቆይ የተለየ የውል ዓይነት አለ፤ ተከራዩ በዚህ ውል ውስጥ ሳለ የአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያዬ አከራይ "በመካከላችን መተማመን እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?" ሲለኝ፣ የአገሬ ሰው አነጋገር መስሎኝ ደስ ብሎኝ መያዣውን በእጁ ቆጥሬ ሰጠሁት። ከዓመት በኋላ ስለቅ ከአልጋዬ ራስጌ ያለውን ግድግዳ በጣቱ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ እርጥበቱ ያመጣውን አረንጓዴ ሻጋታ "አንተ ያበላሸኸው ነው" አለኝና 280 ዩሮዬን አስቀረው። ደረሰኝ አልነበረኝም፤ ውሉም ስላልተመዘገበ የማሳየው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ውሉ መመዝገቡን ሳታረጋግጥ መያዣ አትክፈል፤ ስትከፍልም በባንክ በኩል ይሁን።

የመብራትና የውኃ ሒሳብም ከውሉ ጋር የተያያዘ ነው። ማልታ ውስጥ የመኖሪያ ቤት መብራት በሁለት ዓይነት ታሪፍ ይሰላል፤ በቤቱ ነዋሪነት የተመዘገበ ሰው በዝቅተኛው፣ ያልተመዘገበ ደግሞ በከፍተኛው ይከፍላል። የመጀመሪያው እርከን ልዩነት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሦስት የዩሮ ሳንቲም ገደማ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በመዝገብ ላይ የነዋሪው ቁጥር ሲጨምር የሚገኝ ቅናሽም ስላለ፣ አምስት ሆነን እየኖርን በመዝገብ ማንም የለም በተባለበት ቤት ለብዙ ወራት ያለ አግባብ ስንከፍል ኖረናል። አከራዩን "ስማችን በመብራት ሒሳቡ ላይ ተመዝግቧል ወይ?" ብለህ ጠይቀው፤ እምቢ ካለም ውል ያለው ተከራይ በራሱ የሚያመለክትበት ቅጽ አለ።

"እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የጦሳን ብርድ የቻልኩ የባሕር ዳር ብርድ ምን ያደርገኛል?" ትል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ብርዷም ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሃል። የማልታ ክረምት፣ ማለትም ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ፣ በቴርሞሜትር ሲታይ ቀላል ነው፤ ቤቶቹ ግን በአገሩ ቢጫ የኖራ ድንጋይ የተሠሩና አብዛኞቹም ማሞቂያ ያልተዘረጋላቸው በመሆናቸው እርጥበቱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ድረስ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ሌሊት ሌሊት ሳበራ ቆየሁ፤ የሁለት ወሩ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። ትርፉን እኔ ከፈልኩ። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ጋቢ ላከችልኝ፤ ማሞቂያውንም ሸጥኩት።

ምግብ እንደፈራሁት አልሆነም። ደሴቲቱ የምትበላውን አብዛኛውን ከውጭ ስለምታስገባ ሥጋው፣ ዓሣው ሳይቀር፣ ውድ ነው፤ ምስር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሽንኩርት፣ የታሸገ ቲማቲምና እንቁላል ግን እንደ ሊድል ባሉት ትልልቅ መደብሮች ተመጣጣኝ ዋጋ አላቸው። በወር ከ130 እስከ 150 ዩሮ እበላ ነበር፤ በጾም ወራት ከዚያም ያነሰ። ፓስቲዚ የሚባል፣ ሳምቡሳን የሚመስል፣ አይብ ወይም አተር ተሞልቶ በምድጃ የሚጋገር ሊጥ ከአንድ ዩሮ ባነሰ ዋጋ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ሥራ ከያዝክ ምሳህ እርሱ ነው። ለአትክልት ማክሰኞና ቅዳሜ ታ ቃሊ የሚባለው የገበሬዎች ገበያ ከሱፐርማርኬቱ ይሻላል። ሐላል የምትበላ ከሆነ ሥጋ ቤቶች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ መስጊዱ ባለበት በፓዎላ አካባቢ ጠይቅ። በነገራችን ላይ የማልታ ቋንቋ ሥሩ ዓረብኛ ስለሆነ፣ መድረሳ የቀራ የወሎ ልጅ ገበያ ውስጥ ብዙም አይጠፋውም፤ ዳቦ "ሖብዝ" ነው፣ ሁለት ዩሮ ሲሉም "ዘውጅ" የምትል ቃል ትሰማለህ፣ የግዕዙን ዘውግ የምታስታውስ።

ከቤት የምትይዘው ስንቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ወጪ በግልጽ ይቀንሳል፤ ምን መያዝ እንደማይቻል ግን ለእናትህ አስቀድመህ ንገራት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታው እንኳ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ኮረሪማና ኮሰረት ጨምራ ያነጠረችውን ቅቤ በሁለት የፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ፣ አፉን በፌስታል አስራ፣ ቋንጣውንም በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፣ "መልካም ሽታ አለው" አለኝ፣ ከዚያም ቋንጣውን ጨምሮ አጠገቡ ባለው በርሜል ውስጥ ጣለው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ አለፉ። ማርም እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ጤፍ እዚያ እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚገኘውም በተማሪ አቅም አይሞከርም፤ ስለዚህ ድርቆሹን አብዛው።

አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ የቧንቧ ውኃዋ ከግማሽ በላይ ጨው የተጣራለት የባሕር ውኃ ነው። ይጠጣል፣ አይጎዳም፣ ለሻይ ግን ጣዕሙ አልሆን ስላለኝ የታሸገ ውኃ እገዛ ነበር። እኔ በደረስኩ በሦስተኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022፣ በውኃ፣ በለስላሳና በቢራ ጠርሙስና ጣሳ ላይ አሥር ሳንቲም መያዣ ማስከፈል ጀመሩ። ባዶውን ሃይላንድ ሳትጨፈልቅ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ በሱፐርማርኬቱ በር ላይ ላለው ማሽን ስታጎርሰው ወረቀት ይሰጥሃል፤ በወረቀቱ ዕቃ ትገዛበታለህ። በጣለው ባዶ ጠርሙስ የማይጨነቅ አብሮ ነዋሪ ስለማይጠፋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ከረጢት ተሸክሜ ስወጣ የቤቱ ቆራሌው እኔ ነበርኩ፤ የሳምንት ሽንኩርትና ዳቦዬ ከዚያ ይወጣ ነበር።

ትራንስፖርት አያሳስብህ። ከአገሪቱ ደሴቶች ትልቋ ከዳር እስከ ዳር 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ ብዙም አትርቅም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በስሙ የተመዘገበ የአውቶቡስ ካርድ ያለው ነዋሪ በነጻ ይሄዳል፤ ካርዱ የሌለው ግን ለአንድ ጉዞ ሁለት ዩሮና ከዚያ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የምታወጣው ካርድ ይህ ይሁን። በእነርሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ አውቶቡሱ ሞልቶ እያየህ ያልፍሃል፤ ለሥራ አንድ ሰዓት ቀድመህ ውጣ።

አሁን ወደ ሥራው። እኔ በሄድኩበት የተማሪ ፈቃድ የመጀመሪያዎቹን ዘጠና ቀናት መሥራት አይቻልም ነበር፤ ከዚያ በኋላም የሚፈቀደው፣ የሥራ ፈቃድ ወጥቶ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ፈቃዱ እስኪወጣ ስጠብቅ ደግሞ አራተኛው ወር አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ለሙሉ ሳምንት 213.54 ዩሮ ነበር፤ በ40 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 5.34 ዩሮ ይሆናል። የ20 ሰዓት ሠራተኛ ግብሩና የማኅበራዊ ዋስትናው ሳይቀነስ በወር 460 ዩሮ ገደማ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ከሥራ 500 ዩሮ አገኛለሁ ያልከው እንግዲህ ከዝቅተኛው የተሻለ የሚከፍል ቀጣሪ ካገኘህ ነው። የምግብ ቤትና የሆቴል ሥራ በእነርሱ በጋ እንደ ልብ ነው፤ ከኅዳር በኋላ ግን ሰዓትህን ይቀንሱብሃል።

አንድ የአስተሳሰብ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ላይ የዳቦውን ዋጋ ሁሉ በብር እያባዛሁ እበሳጭ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዜቱ እጥፍ ገደማ ሆነና ነገሩን ተውኩት። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው በሥራ ሰዓት ነው፤ አልጋዬ 53 ሰዓት፣ የወር ምግቤ 26 ሰዓት፣ የስልክ ካርዴ ሁለት ሰዓት። በወር ያለኝ ደግሞ 86 ሰዓት ነበር። ከቤት ብር እየተመነዘረ ይላክልኛል ብለህ ካሰብክ ግን ብዜቱ የአጎትህ ጭንቀት ስለሚሆን አስቀድመህ ተነጋገሩበት።

እንግዲህ ለመነሻ 900 ዩሮ፣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሥራ እስኪገኝ ላሉት ሦስት ወራት ደግሞ በወር 480 ዩሮ ብትይዝ ድምሩ 2,340 ይሆናል። የተማሪ የጤና መድንና የመኖሪያ ካርድ ክፍያም እላዩ ላይ ይጨመራል። አጎትህን ተጨማሪ 600 ዩሮ መጠየቅ ከከበደህ፣ የተማሪ ማደሪያ እንዳላቸው ለትምህርት ቤቱ ጽፈህ ጠይቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የማረፊያ ወጪና የደላላውን ድርሻ ያስቀርልሃል። ትምህርት ቤቱ የትኛው ከተማ እንደሆነ ከጻፍክልኝ አብረውኝ የነበሩት ልጆች አልጋ እንዲያፈላልጉልህ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለቱ አሁንም ምሲዳ ናቸው።