ቲኤንኤፍ ሴልን ይገድላል ወይስ ያድናል? ላልሽው ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳየው ደስ አለኝ፤ ብዙ ተማሪ ሳይጠይቀው የሚያልፈው ነገር ነው። ቲኤንኤፍ ሴሎች ለሌሎች ሴሎች የሚልኩት መልእክተኛ ፕሮቲን ነው፤ ካስፔዝ-8 ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚቆርጥ ኤንዛይም ነው፤ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ደግሞ ጂኖችን የሚያስነሳ ፕሮቲን ነው። መጽሐፉ «ቲኤንኤፍ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ካስፔዝ-8 ይነቃል፣ ሴሉም ይሞታል» ይላል። መምህርሽ ደግሞ «ቲኤንኤፍ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ያስነሳል፣ ሴሉን ከሞት ያድናል» አሉሽ። የቱን ልያዝ ነው ያልሽው። ሁለቱንም ያዢ። ሁለቱም ከአንዱ ተቀባይ ነው የሚነሱት። ወሳኙ ነገር ሴሉ በሚቀጥሉት ሰዓታት አዲስ ፕሮቲን መሥራት መቻሉ ነው።

ሥራዬ ሴል ማሳደግ ስለሆነ በዓይን ከሚታየው ልጀምር። ሄላ በሚባሉት፣ ላብራቶሪ ውስጥ በሚያድጉት የሰው ካንሰር ሴሎች ላይ ቲኤንኤፍ ብቻ ጨምሪ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም ያህል ይበቃል። በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ስር ስታያቸው አብዛኞቹ ደህና ናቸው፣ ፕሌቱ (የሚያድጉበት ሳህን) ላይ እንደተለጠፉ ነው። በሌላ ፕሌት ላይ ደግሞ ከቲኤንኤፍ ጋር ሳይክሎሄክሳማይድ ጨምሪ። ይህ ኬሚካል ሪቦሶም ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል። ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ሽፋናቸው ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ይወጣል፣ ከፕሌቱ ይላቀቃሉ። ሳይክሎሄክሳማይድ ብቻ ያለበት ሦስተኛ ፕሌት የግድ ያስፈልግሻል። ያለ እሱ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ መናገር አትችዪም። አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማሠራው ይህንን ነው። ቀስት የበዛበት ሥዕል ከመሸምደድ በብዙ ይሻላል።

አሁን ውስጡን እንይ። ቲኤንኤፍ ተቀባዩን ሲይዝ፣ ከሽፋኑ ውስጠኛ በኩል ትራድ፣ ሪፕኬ1፣ ትራፍ2 እና ሲ-አይኤፒ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ። ሲ-አይኤፒዎቹ ሪፕኬ1 ላይ የዩቢኩዊቲን ሰንሰለት ይለጥፋሉ። ዩቢኩዊቲን ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ሊወገድ የተፈረደበት ፕሮቲን ነው። እዚህ ጋ ግን ሰንሰለቱ ሌሎች ፕሮቲኖች የሚያርፉበት ቦታ ሆኖ ነው የሚያገለግለው። አይኬኬ የሚባል ኤንዛይም እዚያ ላይ ይነቃና አይ-ካፓ-ቢ በሚባል ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይጨምራል። አይ-ካፓ-ቢ ሲፈርስ፣ በእሱ ተይዞ የነበረው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ከሚያሠራቸው ፕሮቲኖች አንዱ ሲ-ፍሊፕ ነው። እባክሽ ይህን ስም አትዝለዪው።

ቆይቶ ሁለተኛ ስብስብ ከሽፋኑ ርቆ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይዋቀራል። እዚህ ፋድ የሚባል አገናኝ ፕሮቲን እና ካስፔዝ-8 ይገባሉ። ሲ-ፍሊፕ ቅርጹ ካስፔዝ-8ን ይመስላል፤ የመቁረጥ አቅም ግን የለውም። በበቂ መጠን ካለ ከካስፔዝ-8 ጋር ይጣመራል፣ ግድያው ይቀራል። ችግሩ ሲ-ፍሊፕ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ፕሮቲን መሥራት ሲቆም የነበረው ያልቃል፣ የሚተካው የለም። ያኔ ካስፔዝ-8 ይነቃና ሴሉን የሚያፈርሰውን ካስፔዝ-3ን በመቁረጥ ያነቃዋል። ሁለተኛው ፕሌት ላይ ያየሽው ሞት ይኸው ነው። ይህን የሁለት ስብስብ ታሪክ ተመራማሪዎቹ ኦሊቪዬ ሚሾ እና ዩርግ ቾፕ እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተውናል።

«ፕሌት ላይ እንጂ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይስ?» ካልሽ፣ የአይጦቹን ነገር ስሚ። ሬል-ኤ የሚባለው የኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ክፍል የሌላቸው አይጦች ሳይወለዱ ይሞታሉ። የጉበታቸው ሴሎች በአፖፕቶሲስ፣ ማለትም ካስፔዞች በሚመሩት የሴል ሞት፣ ያልቃሉ። ከእነዚሁ አይጦች ላይ የቲኤንኤፍ ጂንም ሲወገድ ግን ጉበቱ ይተርፋል፣ አይጦቹም ይወለዳሉ። ፅንሱን ይገድለው የነበረው የራሱ ቲኤንኤፍ ነበር ማለት ነው። ይህን ውጤት ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል። መምህርሽ «ያድናል» ያሉት ይህን ነው፤ ትክክል ናቸው።

ሌላው የአፖፕቶሲስ መንገድ፣ የሚቶኮንድሪያው፣ በየመጽሐፉ በደንብ ስላለ አላስረዝመውም። ካስፔዝ-8 ቢድ የሚባለውን ፕሮቲን ሲቆርጥ፣ ወይም ዲኤንኤ ተጎድቶ ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ፑማ እና ኖክሳ የሚባሉትን ሲያስነሳ፣ ባክስ እና ባክ የሚባሉ ፕሮቲኖች የሚቶኮንድሪያውን ውጫዊ ሽፋን ይበሱታል። ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል፣ ከአፓፍ-1 ጋር ሆኖ ካስፔዝ-9ን ያነቃል። ቢሲኤል-2 የሚባለው ፕሮቲን ይህን ያግዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የሚባል መድኃኒት ቢሲኤል-2ን በመያዝ ነው የሚሠራው። የካንሰር ሴሉን የጠበቀውን ፕሮቲን ከሥራ ውጭ ማድረግ ማለት ነው።

አንድ ያልጠየቅሽው ነገር ልጨምር፣ ለሴሚናርሽ ያስፈልግሻል። ካስፔዝ-8 ገዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሌላቸው አይጦች በደህና ይወለዱ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ገና ፅንስ ሳሉ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሪፕኬ3 የሚባል ኤንዛይም አብሮ ሲወገድ ፅንሶቹ እንደሚተርፉ ታወቀ። ካስፔዝ-8 ለካ ሌላ ሞትም ያግዳል። እሱ ሲጠፋ ሪፕኬ1 እና ሪፕኬ3 ኤምኤልኬኤል የሚባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ፣ ኤምኤልኬኤልም የሴሉን ሽፋን ይበሳዋል። ይህ ኔክሮፕቶሲስ ነው። በአፖፕቶሲስ ጊዜ የሞተው ሴል በጎረቤቶቹ በጸጥታ ይበላል። በኔክሮፕቶሲስ ግን ሴሉ ፈንድቶ ውስጡን ስለሚያፈስ ብግነት ይቀሰቅሳል።

ስለዚህ ሥዕሉን ስትሠሪ ከቲኤንኤፍ ወደ ሞት አንድ ቀስት ብቻ አትሳቢ። የትኛው በደቂቃ፣ የትኛው በሰዓት እንደሚሆን ጎኑ ላይ ጻፊ። መስቀለኛው ላይ ሲ-ፍሊፕን አስቀምጪ። ከፋድ ስር ደግሞ ወደ ሪፕኬ3 የሚሄድ መንገድ ሥሪ፣ ካስፔዝ-8 የሚዘጋው መሆኑንም አሳዪ።

ላብራቶሪ ከገባሽ ሙከራውን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) አረጋግጪ። ካስፔዝ-3 ሥራ ላይ ከሆነ የሚቆርጠው ፓርፕ የሚባል ፕሮቲን ከ116 ኪሎዳልተን ወደ 89 ይወርዳል። ኔክሮፕቶሲስን ማየት ከፈለግሽ ግን ሄላ አይሆንሽም፤ ሪፕኬ3 የለውም። ኤችቲ-29 የሚባሉ የአንጀት ካንሰር ሴሎችን ጠይቂ፤ ቲኤንኤፍ፣ ስማክ ሚሜቲክ (ሲ-አይኤፒን የሚያስወግድ) እና ዚቫድ (ካስፔዞችን የሚያግድ) አንድ ላይ ጨምሪና ፎስፌት የያዘውን ኤምኤልኬኤል ፈልጊ።