የኩሬዬ ቆሮሶ አሳ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ መራዊ አጠገብ ትንሽ ኩሬ አለኝ። ከጎረቤት ያመጣኋቸው ጥቂት ቆሮሶዎች ተራብተው ኩሬውን ሞሉት። ግን ከትውልድ ትውልድ ሰውነታቸው እያነሰ ነው። ዘራቸው ተበላሽቶ ይሆን? (አንድ ገበሬ፣ ከሜጫ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መጨናነቁን ይጠርጥሩ። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ኩሬው ሲሞላ ምግብ ያጥረዋል፣ ይቀጭጫል። ጫጩቱን ቀንሰው ይዩት።

የዘሩ ስጋት ግን እውነት ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። ከጥቂት እናትና አባት የተነሳ አሳ የዘረመል (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባሕርይ) ልዩነቱ ጠባብ ነው። ቁጥሩም ያታልላል። 1 ወንድና 9 ሴት ቢያስገቡ 10 አሳ አለኝ ይላሉ። በዘረመል ስሌት ግን ከ4 አይሞሉም፤ የጫጩቱ ሁሉ አባት አንድ ነዋ! 5 ወንድና 5 ሴት ቢሆኑ 10 ሆነው ይቆጠሩ ነበር። ቀጥሎ ወንድምና እህት ይዋለዳሉ፤ በሽታ ሲመጣ የሚቋቋም የመገኘቱ ዕድል ያንሳል።

ስለዚህ ዝምድና ከሌለው ኩሬ ጤነኛ ወንዶች ይጨምሩ።

አደራዎን ግን፣ የኩሬውን አሳ ወደ ቆጋ ወይም ወደ ሌላ የጣና ገባር አይልቀቁ። የጣና ቆሮሶ በሳይንስ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ የተመደበ ነው። አንዴ ከተደባለቀ መልሶ መለየት አይቻልም።