«በጀት የለንም» ላለሽ ትምህርት ቤት

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይህ ነው፦ ልጅሽ መስማት የተሳናት ናት፤ ሳቢያን አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት «የምልክት ቋንቋ መምህር የለንም፤ ለመቅጠርም በጀት የለንም» ብሎ መልሶሻል፤ አንቺም በኢንተርኔት ስለ አሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ አንብበሽ «ለእኛስ ይሠራል ወይ?» ብለሻል። እኔም መስማት የተሳነው ልጅ አባት ነኝ። ልጄን እዚሁ ድሬዳዋ፣ የቢሮ ደረጃ እየወጣሁና እየወረድሁ ነው ያስተማርሁት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የአሜሪካው ሕግ እኛ ዘንድ አይሠራም። ታሪኩን ግን እወቂው፤ አንቺ የተሰጠሽን መልስ የእነሱም ወላጆች ሰምተውታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው ከአምስት አካል ጉዳተኛ ልጆች አንዱ ያህል ብቻ ነበር። የፔንስልቬንያ ግዛት ሕግ የአእምሮ ዕድገቱ የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ያልደረሰን ሕፃን አለመቀበልን ይፈቅድ ነበር፤ ወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ከሰሱና አስለወጡት። በዋሽንግተን ዲሲ በተነሣው ሌላ ክስ ደግሞ የከተማዋ ትምህርት አስተዳደር ገንዘብ የለኝም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ በ1972 የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፦ ገንዘብ ካጠረ እጥረቱ ለሁሉም ይዳረስ እንጂ በአካል ጉዳተኛው ልጅ ላይ ከሌላው አብልጦ ሊከብድ አይችልም። ርእሰ መምህሩ «በጀት የለም» ሲሉሽ ይህን አስቢ። ለሌሎቹ ልጆች ጠመኔና መምህር ከተገኘ፣ የጎደለው በጀት ሳይሆን ድልድሉ ነው።

በእነዚያ ፍርዶች ላይ ተመሥርቶ በ1975 ያነበብሽው ሕግ ወጣ፤ በ1990 ስሙ ተለወጠ። ጉልበቱ ሥርዓቱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የትምህርት ዕቅድ በጽሑፍ ይዘጋጃል፣ ወላጅ ከዝግጅቱ ይገኛል፣ ያልተስማማ ወላጅ ጉዳዩ በገለልተኛ ሰው እንዲሰማ ይጠይቃል። በገንዘቡ በኩል ግን የፌዴራሉ መንግሥት ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ከአገሪቱ አማካይ የአንድ ተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሰጣለሁ ብሎ እስከ ዛሬ ሞልቶት አያውቅም።

ስለ መመሪያም ልንገርሽ፣ «መመሪያ አልደረሰንም» መባልሽ አይቀርምና። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አንቀጽ 504 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ሳይፈረም አራት ዓመት ያህል ተንከባለለ። በመጨረሻ በ1977 የአካል ጉዳተኞች መብት ታጋይዋ ጁዲ ሂውማን ያሉበት የአካል ጉዳተኞች ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የመንግሥት ሕንፃ ገብቶ አንወጣም ብሎ ተቀመጠ፤ አንድ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደንቡ ተፈረመ።

ያም ሆኖ አሜሪካን ገነት አታድርጊያት። በ1982 ኤሚ ራውሊ የምትባል መስማት የተሳናት ተማሪ ወላጆች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብላት ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሰው ተረቱ። ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ከክፍል ክፍል እያለፈች ነውና ይበቃታል አለ። ይህ ዝቅተኛ መለኪያ ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰጠ ሌላ ፍርድ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እንደ እነሱ ሥርዓቱን ዘርዝሮ የሚያስቀምጥ፣ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ብቻ የወጣ አዋጅ የለንም። ይህ ማለት ግን ባዶ እጅሽን ነሽ ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያደርጋል፤ ብቻ «አቅም በፈቀደ» የምትል ሐረግ አለችው፣ ቢሮዎች ሁሉ የሚሸሸጉባት። ለዚህ ነው እኔ ይበልጥ የምደገፈው በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ መማርን ማመቻቸትንና ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራንን መቅጠርን በስም ጠርቶ ይጠይቃል። ደብዳቤሽ ላይ ይህን አንቀጽ ጥቀሺ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ ስለ አካል ጉዳተኞች ሥራ ስምሪት ነው፤ ልጅሽ ስታድግ ታገኘዋለች።

በአንድ ነገር ከብዙዎች እለያለሁ። አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውን ከሌሎች ልጆች ጋር ማስተማር፣ ሲባል ልጅን ቅርብ ወዳለው ክፍል ማስገባት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። መስማት የተሳናትን ልጅ ብቻዋን በተጨናነቀ ክፍል ማስቀመጥ፣ መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ሲያስተምር መዋል፣ እኔ አካቶ አልለውም። እንደ እሷ በእጅ የሚያወሩ እኩዮች ያስፈልጓታል። በእኛ ከተማ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ ሶማሊኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ ብርቅ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ቋንቋ መካከል አንድም የራሷ ቋንቋ የሌላት ልጅ ግን ትኖራለች። የእኔ ልጅ የተፈታው መጋላ ከሚኖሩ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ጋር መዋል ሲጀምር ነው፤ ከእኛ ከወላጆቹም ፈጥነው ምልክቱን የለመዱት የሰፈር ልጆች ናቸው። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ልዩ ክፍል ራቅ ብሎ ቢገኝ፣ የባጃጅ ወጪው ቢከብድም፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። አንቺም የምልክት ቋንቋ አሁኑኑ ጀምሪ፤ ትምህርት ቤቱን አትጠብቂ።

አሁን የምታደርጊው፦ በቃል የተነገረሽ እምቢታ ነገ አልተባለም ሊባል ይችላል። መጀመሪያ የሐኪም ማስረጃ ያዢ። ከዚያ ለርእሰ መምህሩ አጭር ማመልከቻ ጻፊ፤ የምትጠይቂው ምዝገባና ድጋፍ መሆኑን፣ ካልተቻለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ግለጺ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተሽ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ በቀሪው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቺበት። ለትምህርት ቢሮው ግልባጭ አድርጊ። እኔን ትምህርት ቤቱ ለወራት «ነገ ተመለስ» ሲለኝ ከርሞ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ ቢሮ ስቀርብ ግን ባለሙያ ተመድቦ ልጄን አየው፤ ምደባም ተሰጠው። ቢሮውም ዝም ካለ የሕዝብ እንባ ጠባቂና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ፤ ጠበቃ መያዝ አያስፈልግሽም።

ማመልከቻውን ብቻሽን ባታስገቢው ይሻላል። የፔንስልቬንያ ወላጆች ያሸነፉት በማኅበር ነው፤ በሳቢያንም ሆነ በከዚራ ያንቺ ዓይነት ጉዳይ ያላቸው ወላጆች አሉ። ረቂቁን ስትጽፊ የልጅሽንና የትምህርት ቤቱን ስም አውጥተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ አንቀጾቹን አብረን እናያለን።